የኤሊ ቅርፊት ሲታመም ምን እናድርግ፣ ምንስ አናድርግ?

ኤሊዬን እሜቴን ያገኘኋት ኮምቦልቻ አክስቴ ግቢ ነው። ተከራዮቹ ቤት ሲለቁ ጥለዋት ሄደዋል። ከኋላ በኩል የቅርፊቷ ጠርዝ በድሪል ተበስቶ ሽቦ ገብቶበታል፣ ሽቦው ደግሞ ጓሮ ካለው የሎሚ ዛፍ ጋር ታስሯል፣ ስንት ዓመት እንደዛ እንደኖረች የሚያውቅ የለም። አክስቴ "ልጄ ውሰጃት በናትሽ፣ ታስራ ሳያት አንጀቴን ትበላኛለች" ስትለኝ ሽቦውን በፒንሳ ቆርጬ ካርቶን ውስጥ አድርጌ በሚኒባስ ወደ ደሴ ይዣት ወጣሁ። የሀረጎን ዳገት ስንያያዘው መኪናው ውስጥ የሚከረፋ ሽታ መጣ፣ ሹፌሩም "እህት፣ ስጋ ነው እንዴ የያዝሽው?" አለኝ። ስጋ አልነበረም። ቤት ገብቼ በመብራት ሳያት ሽቦው የገባበት ቀዳዳ ዙሪያውን ነጥቷል፣ በጥፍሬ ነካ ሳደርገው እንደ ደረቀ አይብ የሚፈረፈር ቢጫ ነገር ወጣ፣ እሷም እግሯን ሰብስባ ጭንቅላቷን ወደ ውስጥ ሳበች። አሟታል ማለት ነው።

እሜቴ ያሏት የወንድሜ ልጆች ናቸው፣ አረማመዷ የአያታችንን ስለሚመስል። ከዛ በኋላ ነው ምክሩ የወረደብኝ። ጎረቤቴ እትዬ "ደርቆባት እኮ ነው፣ ቅቤ ቀቢያት" አሉኝ፣ አንዱ ወንድሜ "ቀዳዳውን በሱፐር ግሉ ድፈኚው" አለ፣ ሌላው ቡና ነስንሺበት አለ፣ ሁሉም ከደግነት ነው። ግን አንዱም ልክ አልነበረም። ክረምት አልፎ ሳሩ ሲረዝም በከሚሴና በባቲ መንገድ ዳር ኤሊ አንስቶ ቤት የሚያመጣው ሰው ብዙ ስለሆነ፣ ሲቸገር ደግሞ የሚጠይቀው ስለሚያጣ፣ ያነበብኩትንና ሐኪም ጠይቄ የገባኝን በቀላሉ ልጻፈው ብዬ ነው።

ቅርፊቱ ቤቷ ነው ወይስ ሰውነቷ?

ሰውነቷ ነው። ሌላው ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ብዙዎቻችን ኤሊ ቅርፊቷን እንደ ጎጆ ተሸክማ የምትዞር፣ ቢፈልጉ ከውስጡ ሊያወጧት የሚቻል ይመስለናል። አይቻልም። ቅርፊቱ ወደ 60 የሚጠጉ አጥንቶች ተገጣጥመው የሰሩት ነገር ነው፣ የጀርባ አጥንቷና ጎድኖቿ ራሳቸው ሰፍተውና ተያይዘው ነው ጣራውን የሆኑት። እኛ ጎድናችን ከቆዳችን ስር ነው፣ እሷ ጎድኗን ውጪ ለብሳዋለች በሉት። ከአጥንቱ በላይ ደግሞ ስስ ልባስ አለ፣ እንደ ድሮ ኳስ ቆዳዎች ቁርጥራጭ ቁርጥራጭ ሆኖ የሚታየው እሱ ነው፣ የተሰራውም ኬራቲን ከሚባለው ከእኛ ጥፍርና ከከብት ቀንድ ነገር ነው። በልባሱና በአጥንቱ መሀል ሕያው ሥጋ አለ፣ ደም ይዘዋወርበታል፣ ነርቭ አለው። ጀርባዋን በጣታችሁ ብትዳስሷት ታውቃለች።

ስለዚህ ቅርፊት መብሳት ጎድን አጥንት ላይ ድሪል ማስገባት ነው። ቀለም መቀባት፣ ስም መጻፍ፣ እንዲያብረቀርቅ ዘይት ማሸት፣ ቅቤ መቀባት ሁሉም አይጠቅማትም። ቅባት አቧራና ቆሻሻ ይይዛል፣ ታች ያለውን ቁስል ይሸፍናል፣ ሽፋን ያገኘ ጀርም ደግሞ ይመቸዋል። የቀለሙም ኬሚካል ጥሩ አይደለም።

አንድ ሌላ ነገር፣ ሳንባዋ ያለው ልክ ከጀርባው ቅርፊት ስር ነው። ጀርባዋ ላይ ያለ ስንጥቅ ከሆዷ ስንጥቅ የበለጠ የሚያስፈራው ለዚህ ነው።

የኔ ኤሊ ችግር የትኛው ነው?

ሰዎች "ቅርፊቷ ታሟል" ሲሉ አራት የተለያዩ ነገሮችን ማለታቸው ነው፣ መድኃኒታቸው ግን ለየብቻ ነው። ጉብታ ጉብታ ያለበት፣ የላላ፣ የበሰበሰና የተሰበረ።

በጉብታው ልጀምር፣ ቶሎ የሚያልቅ ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ ወደ ላይ ተቆልሎ ጀርባዋ የእህል ክምር የተደረደረበት አውድማ ከመሰለ፣ ያ ከልጅነቷ የመጣ ነው፣ በእድገት ጊዜ አካባቢው በጣም ደረቅ ከሆነባትና አመጋገቧ ከተበላሸ እንደዛ ሆኖ ያድጋል። የተቆለለው ወደ ኋላ አይመለስም፣ ማሸትም መሞረድም የለም (ሞረድ እናድርገው ያለኝ ሰው ስላለ ነው የምጽፈው)። አያያዟ ከተስተካከለ አዲስ የሚያድገው ለስላሳ ሆኖ ይወጣል። በእኛ ቆላ የምትታየው፣ ጀርባዋ ጥቁርና ቢጫ ዝንጉርጉር የሆነችው፣ በነብር ስም የምትጠራው ኤሊ በተፈጥሮዋም ትንሽ ጎበጥ ጎበጥ ማለት አለባት፣ ትንሹ አያስጨንቃችሁ።

እድሜዋን ከቅርፊቷ መስመር መቁጠርም አይሰራም። ምግብና ዝናብ በበዛበት ዓመት ከአንድ በላይ መስመር ልታወጣ ትችላለች፣ ስታረጅ ደግሞ መስመሩ እየተፋቀ ይጠፋል።

ቅርፊቱ ለምን ይላላል?

ትልቅ ኤሊ ቅርፊቷን በአውራ ጣት ጫን ሲሏት እንደ ጠረጴዛ ነው መሆን ያለበት። ገና የተፈለፈሉት ትንንሾቹ ትንሽ ሰጥ ይላሉ፣ ያ ጤነኛ ነው። ትልቋ ሰጥ ካለች ግን አጥንቷ እየተበላ ነው።

ሕንጻ ሲሰራ አይታችኋል። ካልሲየም ሲሚንቶው ነው። ቫይታሚን ዲ ደግሞ ሲሚንቶውን ከመኪና አውርዶ ግንቡ ጋ የሚያደርሰው የቀን ሰራተኛ ነው። ሲሚንቶ ተራግፎ ሰራተኛ ከሌለ ግንቡ አይቆምም፣ ሰራተኛ ሞልቶ ሲሚንቶ ከሌለም እንደዛው። ኤሊ ሰራተኛውን የምታገኘው ከፀሐይ ነው፣ ፀሐይ ውስጥ ያለው ዩቪቢ የሚባለው ጨረር ቆዳዋን ሲመታ ሰውነቷ ራሱ ቫይታሚኑን ይሰራል። ልብ ደግሞ ለመምታት፣ ጡንቻም ለመንቀሳቀስ ካልሲየም ይፈልጋሉ፣ በምግብ ካልመጣ ሰውነት ከራሱ ግድግዳ ድንጋይ እየነቀለ ይከፍላል። ቅርፊቱ የሚላላው ያኔ ነው። ሲብስ እግሯን መጎተት፣ ሆዷን ከመሬት አለማንሳት፣ መንጋጋዋ መላላትና ማኘክ አለመቻል ይመጣል።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አለ። መስኮት ስር ማስቀመጥ ፀሐይ ማሞቅ አይደለም። መስታወት ሙቀቱን ያሳልፋል፣ ብርሃኑን ያሳልፋል፣ ዩቪቢውን ግን ያስቀረዋል። ሳሎን ውስጥ ያደገች ኤሊ መስኮቱ ምንም ብርሃን ቢያስገባ አጥንቷ ሊላላ ይችላል። ውጭ አገር ያሉ ሰዎች በውድ ልዩ አምፖል ይገዛሉ፣ እኛ ግን ጓሮ አውጥተን ብናስቀምጣት በነጻ ነው፣ ወሎ ላይ ፀሐይ አልጠፋም። በየቀኑ ጥቂት ሰዓት ውጭ ትዋል፣ ግን የምትገባበት ጥላ የግድ ይኑር፣ ሲሞቃት እንደ ውሻ አለክልካ ማቀዝቀዝ አትችልም፣ ጥላ የሌለው ሲሚንቶ ግቢ ላይ እኩለ ቀን የተረሳች ኤሊ ትሞታለች። ተገልብጣ ከቀረች ደግሞ ቶሎ።

በጣም ከላላ የቤት ነገር አይበቃም፣ ሐኪም የካልሲየም መርፌ ሊሰጣት ይገባል። ቫይታሚን ዲ በራሳችሁ ገዝታችሁ በአፏ አትጨምሩባት፣ ሲበዛ ይመርዛል። ከፀሐይ የሚገኘው ግን አይበዛም፣ ሰውነቷ ሲበቃው ያቆማል።

ታዲያ ምን ትብላ?

ሳር። በቃ ሳር። የነብሯም ሆነች አፋር ቆላ ያለችው አሸዋ መልክ ትልቋ፣ ጭኗ ላይ እንደ እሾህ ሾል ሾል ያለ ነገር ያላት፣ ሁለቱም እንደ በግ ጋጮች ናቸው። ሰርዶ በየሜዳው አለ፣ ከዛ የተሻለ ልትገዙላት አትችሉም። ድርቆሽም ጥሩ ነው። ማገጥና አልፋልፋ ለመቀያየር ትንሽ ትንሽ፣ የዱባ ቅጠል፣ የጽጌረዳ አበባ መድኃኒት ካልተነፋበት።

እንጀራ አትስጧት። ዳቦ፣ ሩዝ፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ስጋ፣ ወተት፣ አይብ አይሆንም፣ ብትበላውም አይሆንም፣ መብላቷ መስማማቷ አይደለም። በአብዛኞቹ ውስጥ ፎስፈረስ የሚባል ንጥረ ነገር ይበዛል፣ ፎስፈረስ ሲበዛ ካልሲየሙን ይዞባት ይወጣል። ምግቧ ውስጥ ካልሲየሙ የፎስፈረሱን ቢያንስ ሁለት እጥፍ ቢሆን ነው የሚመከረው፣ ሳር ላይ ያለች ኤሊ ስለዚህ ሂሳብ አትጨነቅም። ሙዝና ማንጎ ስጧት ይላሉ ልጆች፣ እየሮጠች ትበላዋለች፣ ግን ሆዷን ያቦካባታል፣ አልፎ አልፎ ቁራጭ ይበቃል። ቆስጣም ካልሲየሙን አስሮ የሚያስቀር አሲድ ስላለው የዘወትር አይሁን፣ ጥቅል ጎመንም ትንሽ ብቻ።

የእንቁላል ቅርፊት ያለበት ቤት ካልሲየም አለ። አፍልታችሁ፣ ፀሐይ ላይ አድርቃችሁ፣ ሙቀጫ ውስጥ ዱቄት እስኪሆን ወቅጣችሁ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ቆንጥራችሁ ሳሩ ላይ ነስንሱ። ውድ ነገር የለም።

አሁን የወሎ ሰው በደንብ እንዲያነብልኝ የምፈልገው። የበለስ ቅጠል፣ እሾሁ ተቃጥሎ ወይ ተላጦ ከወጣ፣ ለኤሊ ግሩም ምግብ ነው፣ ውሃም ካልሲየምም አለው፣ በራያና ቆቦ በኩል ደግሞ ሞልቷል። ቁልቋል ግን በለስ አይደለም! ቁልቋልና ቅንጭብ ሲቆረጡ የሚወጣው ነጭ ወተት አፍና ዓይን የሚያቃጥል መርዝ ነው። ሰው "የቁልቋል ዘር ነው" ብሎ አንዱን በሌላው እንዳይቀይር። የወፍ ቆሎ፣ አስተናግርና ጉሎም መርዝ ናቸው፣ ቅንጨ አረም ለማንኛውም እንስሳ ጥሩ አይደለም፣ ከግቢያችሁ ንቀሉት።

ውሃ በሰፊና ጥልቀት በሌለው ሳህን፣ ገብታ ልትቆምበት በምትችልበት። ቅርፊቷ ክፍት ቁስል ከሌለው በሳምንት ሁለት ጊዜ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ እስከ አገጯ ሳይደርስ 15 ወይ 20 ደቂቃ ብታቆዩዋት በደንብ ትጠጣለች። ስታነሷት የምትሸናውን ደግሞ ቀላል አድርጋችሁ አትዩት፣ ሰውነቷ ውስጥ ያጠራቀመችው ውሃ ነው፣ በከንቱ ደጋግማችሁ አታንሷት።

ሲሸት፣ ሲቦረቦር?

ይሄ የእሜቴ በሽታ ነው። ቅርፊቱ ላይ ጭረት ወይ ቀዳዳ ካለ ባክቴሪያ ወይም ፈንገስ በዛ ይገባና ከላይኛው ልባስ ስር እየበላ ይሄዳል። ከላይ ትንሽ ነጭ ነጥብ፣ ከታች ግን ዋሻ። ሁልጊዜ እርጥብና ሽንት የበዛበት መሬት ላይ የምትተኛ ኤሊ ሆዷ በኩል ይጀምራታል፣ ስለዚህ ሆዷንም እዩ። የሚታወቀው በመጥፎ ጠረኑ፣ ቁራጩ ሲነሳ ወይም ሲላቀቅ፣ ጫን ሲሉት እርጥብ ነገር ሲያወጣ ነው። የውሃ ኤሊዎች ልባሳቸውን መላጥ ልማዳቸው ነው፣ የየብስ ኤሊ ግን አትላጥም፣ ከተላጠች የሆነ ነገር አለ። የኤሊ መግል እንደ እኛ አይፈስም፣ እንደ አይብ ይጠጥራል፣ "መግል የለውም" ብዬ እኔ ራሴ መጀመሪያ ቀን የተታለልኩት በዚህ ነው። የሆዷ ቅርፊት ከስሩ ቀላ ካለ ግን በሽታው ደም ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል፣ ያ ለነገ የሚባል አይደለም።

ቤት ውስጥ የሚደረገው ይሄን ያህል ነው። አንድ ሊትር የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ 9 ግራም ጨው፣ ማለትም ጠፍጠፍ ያለ ሁለት የሻይ ማንኪያ የማይሞላ፣ በጥብጣችሁ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ቁስሉን እጠቡ። የተላቀቀውን ብቻ አንሱ፣ የያዘውን አትፈንቅሉ። ከዛ ፋርማሲ የሚሸጠውን 10 ፐርሰንት ቤታዲን አንድ እጅ በዘጠኝ እጅ ንጹህ ውሃ አቅጥኑት፣ ሻይ መምሰል አለበት፣ ሳይቀጥን አታፍስሱ ሥጋውን ይጎዳል። ቀብታችሁ አየር ላይ ይድረቅ። በቀን አንዴ። ለሰው የእሳት ቁስል የሚሰጠው ነጩ ቅባት፣ ሲልቨር ሰልፋዲያዚን፣ ለኤሊም ይሆናል፣ ሐኪም ጠይቃችሁ በስሱ። እስኪድን አታጥምቋት፣ የምትተኛበት ደረቅ ይሁን፣ በየቀኑ ይቀየር። ዝንብ ካለ ጎዝ በሚባለው የቁስል ጨርቅ ሸፍኑት፣ ኮምቦልቻ ሙቀት ላይ ክፍት ቁስል በአንድ ቀን ትል ይጥላል።

አታሽጉት! ሱፐር ግሉ፣ ማስቲካ፣ ጭቃ፣ ሰም፣ ቡና፣ ምንም። ጀርሙን ከውስጥ ቆልፋችሁበት ቁልፉን ጣላችሁ ማለት ነው፣ ከላይ የዳነ መስሎ ከስር አጥንቱን ይጨርሰዋል።

በሳምንት ውስጥ ካልደረቀ ወይም ጉድጓዱ ከጠለቀ ሐኪም ነው። የሞተውን አጥንት ጠርጎ ያወጣል፣ ፀረ ተህዋሲ መርፌም ሊያስፈልጋት ይችላል። ኤሊዋ መመዘን አለባት፣ መጠኑ በኪሎ ስለሆነ፣ ብዙ ሐኪሞችም መርፌውን በፊት እግር በኩል መውጋት ይመርጣሉ።

መኪና ቢገጫት ወይ ውሻ ቢነክሳትስ?

የመጀመሪያው ሰዓት ላይ የምታደርጉት ትንሽ ነው። ካርቶን ውስጥ ንጹህ ጨርቅ ላይ አስቀምጧት፣ ደም ካለ በንጹህ ጎዝ ጫን አድርጉ፣ ስንጥቁን በጨው ውሃው አጥባችሁ በእርጥብ ጎዝ ሸፍኑ፣ ሙቀት ላይ አድርጓት፣ ውሃ ውስጥ አትንከሯት፣ ቁርጥራጭ ከወደቀ አትጣሉት ይዛችሁ ሂዱ። ጀርባዋ ላይ ካለው ስንጥቅ አረፋ ከወጣ ወይ ከትንፋሿ ጋር የሚንቀሳቀስ ነገር ካያችሁ ሳንባዋ ተከፍቷል፣ እዛ ላይ ውሃ አታፍስሱ፣ በደረቅ ጎዝ ብቻ ሸፍናችሁ ሩጡ። ስንጥቁ መሀል ጀርባዋ ላይ ሆኖ የኋላ እግሯ ካልታዘዘ የጀርባ አጥንቷ ተነክቷል።

ብዙ ሰው የማያውቀው፣ የተሰበረ ቅርፊት ይድናል። አጥንት ስለሆነ እንደ አጥንት ይገጥማል፣ ሐኪሞች በሽቦና በብሎን አቀራርበው ያስሩታል። ግን ቀስ ብሎ ነው፣ ከስድስት ወር እስከ ዓመት፣ ከዛም በላይ። እሳት የነካትም እንደዛው፣ ማሳ ሲቃጠል የተቃጠለች ኤሊ መጀመሪያ ደህና ትመስላለች፣ የሞተው ቁራጭ የሚወድቀው ከሳምንታት ወይ ከወራት በኋላ ነው፣ ስሩ ነጭ አጥንት ስታዩ አትደንግጡ፣ በንጽህና ያዙት።

መዥገርስ? የከብት መድኃኒት ብንሰጣትስ?

ከዚህ ጽሁፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ይሄ ይሁን፣ አይቨርሜክቲን ኤሊን ይገድላል።

እሜቴ እግሯ ስር፣ ቆዳና ቅርፊቱ የሚገናኝበት ላይ አራት መዥገር ነበረባት። አንድ የእንስሳት ክሊኒክ ወሰድኳት፣ ባለሙያው ቁስሉን አይቶ መዥገሩን ሲያይ "ለሱ ቀላል ነው፣ አንዴ እንወጋታለን ያልቃል" ብሎ ብልቃጡን አነሳ። አይቨርሜክቲን። ለከብትና ለበግ በየወረዳው የሚወጋው፣ ገበሬው ሁሉ በስሙ የሚያውቀው። ከአንድ ቀን በፊት አንብቤ ነበርና "ዶክተር፣ ይሄ ለኤሊ ይሆናል እንዴ?" አልኩት፣ ደስ አላለውም፣ "ስንት ዓመት ስወጋው ነው የኖርኩት" አለኝ። እኔም "ይቅርታ ዶክተር፣ ከመውጋትዎ በፊት አንዴ ይጠይቁልኝ" ብዬ ካርቶኑን ወደ እኔ ሳብኩት። ስልክ ደወለ፣ ቆመ፣ አዳመጠ፣ ብልቃጡን መልሶ አስቀመጠው። ሰውየው ክፉ አይደለም፣ ሕይወቱን ሙሉ ያከመው በሬና በግ ነው። ግን ባልጠይቅ ኖሮ እሜቴ የለችም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። መድኃኒቱ የትል፣ የቅማልና የመሳሰሉትን ነርቭ ሽባ እያደረገ ነው የሚሰራው። በከብትና በበግ አንጎል ላይ እንደ በር ጠባቂ የሆነ ነገር አለ፣ መድኃኒቱን አያስገባውም። ኤሊ ላይ ያ ጥበቃ አይሰራም፣ ገብቶ እሷንም ሽባ ያደርጋታል፣ መንቀሳቀስ ያቆማል፣ መተንፈስ ያቆማል። በመርፌም በአፍም አይሰጥ። ከብት የሚረጨው ዲያዚኖንና አሚትራዝም አይረጭባት።

መዥገሩ በእጅ ነው የሚወጣው። በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ፣ አፉ ጋ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡ፣ አትጠምዝዙ፣ ክብሪት አታስጠጉ፣ ናፍጣ አትቀቡ። ከዛ ቦታውን በቤታዲን።

የት እንውሰዳት ለሚለው፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ክፍል አለው፣ ኮምቦልቻ ደግሞ የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ አለ፣ ዋና ስራው የከብት ቢሆንም። የትም ብትወስዷት ከመርፌው በፊት የመድኃኒቱን ስም ጠይቁ፣ ማንም የተከበረ ሐኪም በጥያቄ አይከፋም።

የደሴ ብርድ ምን ያደርጋታል?

ይሄን ነው ዘግይቼ የገባኝ። ኤሊ የራሷን ሙቀት አታመርትም፣ ከአካባቢዋ ነው የምትበደረው። ሲበርዳት ሆዷ አይፈጭም፣ የበላችው ውስጧ ይቆማል፣ በሽታ መከላከያዋም ይተኛል። ስለዚህ ምንም ቤታዲን ብትቀቡ ኤሊዋ በርዷት ከሆነ ቁስሉ አይድንም። ቀን የምትሞቅበት አንድ ጥግ 32 ወይ 35 ዲግሪ ሊሆንላት ይገባል፣ የታመመች ከሆነ ሌሊቱ ከ18 ባይወርድ ይመረጣል። ደሴ 2500 ሜትር አካባቢ ላይ ጦሳ ተራራ ስር ቁጭ ያለች ከተማ ናት፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት ምን እንደሚመስል ለወሎዬ አልነግርም። ከእሷ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዶ ያለው ኮምቦልቻ ወደ 1850 ሜትር ነው። እነዚህ ኤሊዎች የቆላ ልጆች ናቸው፣ የብርዱን ወቅት እንደ አንዳንድ ውጭ አገር ያሉ ኤሊዎች ተኝተው አያሳልፉም።

ደሴ ላይ የማደርገው እንዲህ ነበር፣ ማታ ካርቶኗ ውስጥ ድርቆሽ አድርጌ ሁለት ሃይላንድ ሙቅ ውሃ ሞልቼ በፎጣ ጠቅልዬ በአንድ በኩል አስቀምጣለሁ፣ ሲሞቃት የምትሸሽበት ሌላው ጎን ባዶ ይሁን። የማሞቂያ አምፖል ያላችሁ ከራሷ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር አርቁት፣ ኤሊ ጀርባዋ ሲቃጠል ቶሎ አትሸሽም። ከሰል ግን በተዘጋ ክፍል በፍጹም፣ ለእሷም ለእናንተም ሞት ነው።

ለልጆች አደጋ አላት?

ብዙም አትነክስም፣ አትመርዝም፣ ግን ሳልሞኔላ የሚባለውን ተቅማጥና ትኩሳት የሚያመጣ ባክቴሪያ ጤነኛ የምትመስል ኤሊም በሆዷ ልትይዝ ትችላለች። ነክተዋት እጅ በሳሙና፣ ሁልጊዜ። ውሃዋን የምግብ እቃ በሚታጠብበት አትድፉ፣ ከወጥ ቤት አርቋት። ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች፣ ነፍሰ ጡርና አቅመ ደካማ ሰው ባይነኳት ነው የሚሻለው።

ሕጉስ ምን ይላል?

ኤሊ የዱር እንስሳ ናት። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ይዞ መገኘትን ይከለክላል፣ ሁለቱም ዓይነት ኤሊዎች ድንበር አቋርጦ በሚደረግ ንግድ ላይ ደግሞ ቁጥጥር በሚያደርገው ሳይትስ በተባለው ስምምነት ዝርዝር ውስጥ አሉ፣ ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናት። አፋር በኩል ያለችው ትልቋማ ለመጥፋት የተቃረበች ናት።

ስለዚህ መንገድ ላይ ጤነኛ ኤሊ ካያችሁ ወደምትሄድበት አቅጣጫ አሻግራችሁ ተዉአት፣ ቤት አታምጧት፣ ከልጆችም አትግዙ፣ ዛሬ አንዷን ብትገዙ ነገ አምስት ለቅመው ይመጣሉ። የታመመች ወይም እንደ እሜቴ የተጣለች እጃችሁ ከገባች ለወረዳው የግብርናና የዱር እንስሳት ነገር ለሚመለከተው ቢሮ አሳውቁ፣ አሳክማችሁ ወደ ዱር የምትመለስ ከሆነች የምትለቀቅበትን ቦታ እነሱ እንዲያሳዩ። ለዓመታት ታስራ የኖረችን ኤሊ ዝም ብሎ ጫካ መልቀቅም ልክ አይደለም፣ ከየት እንደመጣች ካልታወቀ በሽታ ይዛ ለዱሮቹ ልታስተላልፍ ትችላለች።

መቼ ነው የምትድነው?

የእኛ ቁስል በሳምንት ሲደርቅ የእሷ በወር ነው። እኔ በየእሁዱ በስልኬ ከተመሳሳይ ቦታ፣ አጠገቡ የ10 ሳንቲም ፍራንክ አስቀምጬ ፎቶ አነሳታለሁ፣ በየቀኑ ሲያዩት የማይታየው ለውጥ በወሩ ፎቶ ሲተያይ ይታያል። በኩሽና ሚዛንም እመዝናታለሁ፣ ክብደቷ ከቀነሰ ቁስሉ ቢያምርም ነገሩ ደህና አይደለም።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ የደሴው ብርድ ሲመጣ ኮምቦልቻ መለስኳት፣ ሽቦ የለም፣ አክስቴ ጓሮ ከብሎኬት የተሰራ አጥር ሰራንላት፣ ግማሹ ጥላ ግማሹ ፀሐይ፣ መሬቱ ሰርዶ። ለቢሮው አሳውቀናል፣ ዓይተዋት ሄደዋል። አሁን ቀዳዳው አልተሞላም፣ ምናልባትም ሙሉ በሙሉ አይሞላም፣ ግን አይሸትም፣ ጫፉ ደርቋል፣ ዙሪያውን ደግሞ እንደ ሕፃን ጥፍር ስስ የሆነ ፈዛዛ መስመር ወጥቷል። ትናንት አክስቴ ደውላ "የበለሱን ቅጠል ከእጄ ነጠቀችኝ እኮ" አለችኝ።